በብርሌ ያደጉት የአስካለ ልጆች

ይድረስ ለአስካለ፣ ለቤቴ እመቤት።

እንደምን ከረምሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ካለሽበት አገር መልስ ይዞ የሚመለስ ነጋዴ እስካሁን አልተገኘም። እኔ ደኅና ነኝ። ካንቺና ከሁለት ጥርሶቼ በቀር የጎደለብኝ የለም። ከተለየሽኝ በመጪው ሳምንት ዓመት ይሞላል። ለሙት ዓመትሽ እትዬ በለጥሽ ጠጁን ጥለውልናል። ዘንድሮ ብርሌ አይጎድልም፤ የአምናውን የብርሌ ነገር ቆይቼ አወጋሻለሁ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብዬ አልዋሽሽም። የጓሮው በር ዘምሟል። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ አዲስ ሱቅ ተከፍቷል፤ መስኮቱ የዓሣ ሣጥናችንን አራት እጥፍ የሚያህል መስታወት ነው፣ ሰውም ቆሞ በዚያ ውስጥ የተደረደረ ጫማ ያያል። ባለፍኩ ቁጥር «ይሄን ሁሉ መስታወት ለጫማ!» ስትዪ ይሰማኛል።

ዓሦቹን ያመጣሁልሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ለቡና ነጋዴው ጸሐፊ ሆኜ ጋምቤላ ወርጄ የተመለስኩ ጊዜ ነው። ሌላው ሰው ከመንገድ ሲመለስ ለሚስቱ ሻሽ ይዞ ይገባል። እኔ በበቅሎ በተጫነ እንስራ፣ ውኃውን በየወንዙ እየቀየርኩ፣ ከባሮ ሁለት ዓሣ ይዤልሽ መጣሁ። ጎንበስ ብለሽ ስታዪ አንደኛው ተቆጣና ሆዱን እንደ አቁማዳ ነፋው። አንቺ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ፤ «ግብር የተጠየቀ ባላባት ይመስላል!» አልሽ። ስሙም በዚያው ባላባት ሆነ፤ ጓደኛው ደግሞ እሜቴ። ማን ወንድ ማን ሴት እንደሆነ ግን እንቁላሉ እስኪመጣ አላወቅንም፤ ለካ ስማቸውን አቀያይረን ኖሯል፣ ያኔ መለስንላቸው።

አርመኑ ቆርቆሮ ሠሪ የመስታወት ሣጥኑን ሲሠራልን «ዳቦ ልትሸጡ ነው?» ብሎ ነበር። ቆላ የለመደ ገላቸው የአዲስ አበባን ብርድ እንዳይፈራ ከሣጥኑ አጠገብ ፍም የሞላ ምድጃ አደረግሽላቸው። የእኔ እግር ግን ደገኛ ነው ተብሎ ምድጃ አልተፈቀደለትም። ጥርሳቸው ዕድሜያቸውን ሁሉ ስለሚያድግ፣ እየቆረጠሙ እንዲሞርዱበት ከወንዙ ዳር ቀንድ አውጣ ትለቅሚላቸው ነበር። ሰፈራችን እሪ በከንቱ ሁሉ አወራብን። ጾም ሲገባ ደግሞ ጎረቤቱ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያለ ሣጥናችን ፊት ሊከራከር ይመጣል፤ ዓይናቸው ግን ክርክሩ ላይ አልነበረም። የባሮ ሰዎች የነገሩኝን ነገርኳቸው፦ ይህን ዓሣ አንድ ሰው ቢበላው የሚጠግቡት ቀባሪዎቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ቀዘቀዘ።

ያንቺ ሐሳብ ግን ማብላት ብቻ አልነበረም፤ ማራባት ነበር። እሜቴ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንቁላሏን የጣለች ጊዜ ሰፈሩን ያዋለዱትን እትዬ በለጥሽን ከጠጅ ቤታቸው ጠራሻቸው። እሳቸውም ባላባት እንቁላሉ ላይ ተጋድሞ ቢያዩ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «ምነው አስካለ! አራስ ቤት ወንድ ምን ይሠራል? አውጪው!» አሉ። በወንፊት ጠልፈሽ አወጣሽውና ጋን ውስጥ ጨመርሽው። እንደ ደንቡ ሣጥኑን በነጠላ ጋረድሽ። ለእሜቴ ያልተደረገላት ገንፎ ብቻ ነው። እንቁላሉ ግን እንደ ጥጥ ነጥቶ ሻገተ። በሚቀጥለው ጊዜ ባላባትን ቶሎ አወጣነው፤ ሻገተ። ከዚያ በኋላማ ገና እሜቴ ስትወፍር ማውጣት ጀመርን፤ ያኔም ሻገተ። በየጊዜው ለቀናት ነጠላውን ከሣጥኑ ላይ አታነሺም ነበር። በእኛም ቤት ገንፎ ሳይገነፋ ነው ዕድሜያችን ያለፈውና፣ ሐዘንሽ ስለ ዓሣ ብቻ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ፍሙን እየቆሰቆስሽ፣ «አንድ እንኳ ዓይኑን ገልጦ ባየሁ» አልሽ።

ከዚያ አንቺ ታመምሽ፣ ቀጥሎ ያለውን ታውቂዋለሽ።

የማታውቂው ይሄን ነው። በልቅሶው ግርግር ድንኳኑ ሲተከል አንድ ሰው ሣጥኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ጣለበት። ሣልስትሽ ካለፈ በኋላ፣ ሞተው ይሆናል፣ አውጥቼ ልገላገል ብዬ ጨርቁን ገለጥኩት። እሜቴ ጥግ ይዛለች። ድንጋዩ ላይ እንቁላል አለ። ባላባት በላዩ ቆሞ በክንፉ ውኃ ያራግብለታል፤ ከስቶ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። እሜቴ ጠጋ ስትል ያባርራታል፣ እኔን ሲያይ በዚያ ጉልበቱ ተነፋብኝ። እትዬ በለጥሽ ከኋላዬ መጥተው «አራስ ቤት…» ብለው ጀመሩና ፊቴን አይተው ቀሪውን ዋጡት። እኔም ወንፊቱን የማንሳት አቅም አልነበረኝም። ተውነው።

እንቁላሉ አልሻገተም፣ አስካልዬ። ለካ ስናወጣው የኖርነው አባት ነበር ሞግዚቱ።

ጤፍ የሚያካክሉ ሆነው ወጡ። ከጤፍ የሚለያቸው ዓይናቸው ነው። ለእነሱ ብለሽ በጓሮ ያጠራቀምሽው፣ ጎረቤቱን በትንኝ ያስነከሰው የዝናብ ውኃ ማሰሮ በመጨረሻ ሥራ አገኘ፤ በውስጡ የሚርመሰመሰውን የትንኝ ትል እየቀዳሁ አበላኋቸው። አተር ሲያክሉ ግን አመል አወጡ፤ የወንድም ጭራ መንከስ ጀመሩ። ካልተለያዩ አንዱ ሌላውን ይጨርሳል። በቤታችን ያን ያህል ዕቃ ከየት ይምጣ? ለአርባሽ ጠጅ እትዬ በለጥሽ ያመጡት ብርሌ መደርደሪያው ላይ ነበር። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ብርሌ ሰጠሁ።

አርባሽ ደረሰ። ካህናቱ ተቀመጡ፣ ጠጁ መጣ፣ ብርሌ የለም። የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ ዓይናቸውን አጥብበው መደርደሪያውን አዩና፣ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጠጅ ነው፣ ዓይን ያለው?» አሉ። እትዬ በለጥሽም ሳይስቁ፣ «እሱ ገና ያልጠራው ነው አባቴ» አሉ። ወንድምሽ ግን ተቆጣ። «ለእህቴ ተዝካር ብርሌ ይጥፋ? ይደፋ ይሄ!» ብሎ ተነሥቶ አንዱን ብርሌ በአንገቱ ያዘው። ካንቺ ቀብር ወዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። «አስቀምጥ! የአስካለ ልጆች ናቸው» አልኩት።

ወንድምሽ ብርሌውን ወደ ብርሃኑ አነሣው። ያቺ አተር ተቆጥታ ተነፋችበት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ብርሌውን ግን አልደፋም፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው። አባ ተክሌ የቆርቆሮ ኩባያ ፈልገው አነሡና «እኔ በዚህ ይቀዳልኝ» አሉ። ሌላው ሁሉ ተከተላቸው።

አባ ተክሌ ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። በልቅሶው ሰሞን፣ አርባሽን አውጥቼ ልመንኩስ ብያቸው ነበር። «ገዳሙስ?» አሉኝ። «የማሳድጋቸው አሉኝ አባቴ» አልኳቸው። መደርደሪያውን አንዴ አዩና፣ «ገዳሙ የትም አይሄድም» ብለው ወጡ።

ሁሉም አልተረፉም። የተረፉትም አድገው በብርሌው አንገት አልወጣ አሉ። እትዬ በለጥሽ ብርሌዎቻቸውን ራሳቸው በገበቴ ውኃ ውስጥ በዘነዘና እየሰበሩ አወጧቸው፤ በአንድ ዓይናቸው እየሳቁ፣ በሌላው እያለቀሱ፣ «አስካለ ሞታም ጠጅ ቤቴን ልትዘጋ ነው!» እያሉ። ለሙት ዓመትሽ አዲስ ብርሌ የገባው ለዚህ ነው።

እሜቴ ሰሞኑን እንደገና ጥላለች። እትዬ በለጥሽ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመው «አራሱ እንዴት አደረ?» ይላሉ፤ ባላባትን ማለታቸው ነው። እኔም ከሣጥኑ ፊት ተቀምጬ ፍሙን እቆሰቁሳለሁ። ዓይኑን የገለጠ አንድ ባየሁ ቁጥር ስምሽን እጠራለሁ። ላንቺ አየሁልሽ እላለሁ፤ ዓይኔ ብርሃን እስካለው ድረስም አይልሻለሁ።

አይዞሽ፣ ወንዱን አላወጣውም። እኔም አልወጣም።

ባልሽ ተሰማ