አማትህ የነፈገችህ ለቅሶ

ወንዴዬ፣

አፈር ከለበስክ ዓመት አለፈ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ በሕይወት ሳለህም ጥያቄዬን ትተህ የድምፄን ዜማ ነበር የምትሰማው። ይህን ሲያዩ ሙት ወቃሽ ይሉኛል። ይበሉኝ። በቁምህ ልወቅስህ ስሞክር ቁጣዬን ወስደህ ዘፈን ታደርግብኝ ስለነበር፣ ተቆጥቼ የምጨርስበት ጊዜ ያገኘሁት ገና አሁን ነው።

መቼም አትረሳውም። አልበም ልታወጣ ስትጣደፍ ስንት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ከርመህ ስትመጣ በር ላይ ጠብቄ “ቤትህ ከከበደህ ትራስህን ይዘህ ሂድ!” ብዬ ጮህኩብህ። አንገትህን ደፍተህ አለፍከኝ። የተጸጸትክ መስሎኝ አንጀቴን በላኸው፤ ለካ ምቱን እየቆጠርክ ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ዘፋኝ “ትራስህን ይዘህ ሂድ” እያለች ደብረ ብርሃንን አስጨፈረችበት። በተጣላንበት ጠብ ሰው ሰርግ ላይ እስክስታ ወረደ። ጎረቤት ባየኝ ቁጥር ይስቃል፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የኔ ቁጣ ነው፣ ቢሰረቅም ከቤት አልወጣም ብዬ ተውኩህ።

ስላንተ የሚያወሩ ሁሉ “ከምንም ተነስቶ” ይላሉ። ያ ምንም የሚሉት የኔ ቤት ነው። ለሰርግ ኪቦርድ ትመታ የነበርክ ሰው የኋላ ክፍላችንን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ብርድ ልብስ ሰቀልክበትና ስቱዲዮ አልከው። በደብረ ብርሃን የጥቅምት ውርጭ እኛ ስንንቀጠቀጥ ግድግዳው ሞቆት ያድር ነበር። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ቀረጻ ይቋረጣል፤ ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ ዘፋኞቹን ያስላቸዋል። እንዲህም ሆኖ ከዚያ ክፍል የወጡት ዘፈኖች አዲስ አበባን አንቀጠቀጡ፤ ግጥሙም ዜማውም ቅንብሩም ያንተ ነበር። ኋላ ፕሮዲውሰር ተባልክ። ወንዴ ያልሰማው ዘፈን አይወጣም ተባለ። እውነት ነው፣ ጆሮ ነበረህ። አፍ ግን አልነበረህም፤ የጻፍከውን ሁሉ ካንተ በፊት ሌላ ሰው ብሎት ነበር።

እናቴን ደግሞ አገሩ ያውቃታል። ከጎረቤላ እስከ አልዩ አምባ አፋፍ ሰው ሲሞት ለቀስተኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው እሷ መምጣቷን ነው። ትነሳለች፣ የሟቹን ስም ትጠራለች፣ ግጥሟን ታወርዳለች። ለአንዱ ያለችውን ለሌላው አትደግምም። ሌላም ሰው አይደግመውም፤ የሟች ግጥም ከሟቹ ጋር ይቀበራል። ይህን የማያውቅ የአንኮበር ልጅ የለም፣ አንተም አማቿ ሆነህ ስንት ለቅሶ አብረሃት ደርሰሃል።

ወንድሜ ከነጭነት መኪናው የደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ የቀረ ጊዜ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ጋቢህን ተከናንበህ ተቀምጠህ ነበር። እናቴ ለገዛ ልጇ ቆመች።

በሬን አልዘጋሁም ልጄ ትመጣለህ፣
የደጃፌን መንገድ ማን ይሆን ያሳተህ።

አንተ ጋቢህ ውስጥ ስልክህን ከፍተህ ትቀርጽ ነበር። ከዚያ ቤትህ ገብተህ “ልጄ”ን አወጣህ፣ “ውዴ”ን አገባህ፤ የስንኙ ልክ እንኳ አልጎደለብህም። በሁለቱ ስንኝ መሀል እናቴን ሲቃ ይዟት ዝም ያለችበት ቦታ ነበር። እዚያ ላይ ከበሮ ሞላህበት። ከሠራኸው ሁሉ ስም ያወጣልህ ያ ዘፈን ሆነ፤ እሱ ካልተከፈተ ሰርጉ አልደመቀም ይባል ጀመር።

እናቴ የሰማችው ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ተሳፋሪው እያጨበጨበ ያዜማል። አጠገቧ የተቀመጠች የሰፈራችን ሴት እንደነገረችኝ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ ስትወርድም ረዳቱን “እግዜር ይስጥልኝ” ብላ አመስግና ወረደች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ አፏን አትከፍትም። ያሳደጓት ሽማግሌዎች፣ ያዋለደቻቸው የሰፈር ሴቶች ሁሉ ያለ ግጥም ተቀበሩ።

ስጠይቅህ ደግሞ አላፈርክም። “ወንድምሽን እኮ አገር አለቀሰለት” አልከኝ። አላለቀሰለትም ወንዴ፣ ጨፈረበት።

የሞትክ ቀን ጆሮ ማዳመጫህን እንዳጠለቅክ ወንበርህ ላይ ነበርክ። ዘፈን የምትሰማ መስሎኝ ሻይህን አስቀምጬልህ ወጣሁ። ኋላ ስመለስ ሻዩ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ስንት ዓመት ስጠራህ ያልሰማኸኝ ሰው፣ ያን ቀን ምን እንደተለወጠ በምን ልወቅ? እጅህን ስይዝ ነው ያወቅሁት። እንዴት እንደጮህኩ ጎረቤት ይንገርህ።

ቀብርህ ላይ ዘፋኞችህ ጥቁር መነጽር አድርገው ከአዲስ አበባ መጡ። እናቴም ከጎረቤላ መጣች። ታዋቂዋ አልቃሽ ለታዋቂው አማቿ ልትቆም ነው ተባለና ስልክ የያዘ ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ አነሳ። ተነሳች። የተደቀኑባትን ስልኮች አንድ በአንድ አየቻቸው። “የሱን ድርሻ በቁሙ ወስዶታል” አለችና ተቀመጠች። ጸጥታው ያስጨነቀው አንዱ ጓደኛህ ያንኑ ዘፈንህን ቀስ ባለ ምት በድምፅ ማጉያ ለቀቀው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው በእግሩ ምት ይመታ ነበር። እኔ ሳየው ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ።

ባሌ ሳይለቀስለት ተቀበረ። የከተማው ሰው አይገባውም እንጂ በኛ አገር ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። ውሻ ነው እንዲያ የሚጣል። ዓመቱን ሙሉ እናቴን ለመንኳት፤ በአርባህ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ሌባም ቢሆን ባሌ ነው፣ ባዶውን አትስደጂብኝ አልኳት። “ብይ ተነሺ” ብላ እንጀራ አቀረበችልኝ።

ቤቱን ብታየው አታውቀውም። ብርድ ልብሶቹን ከግድግዳው አውርጄ አጥቤ ለሰው ሰጠሁ፣ አንዱን እኔ ለብሼ እተኛለሁ። ያንተ ሽታ አለው፣ አልዋሽህም፤ ፊቴን ቀብሬበት የማለቅስበት ቀን አለ። ሐውልትህ ላይ ጓደኞችህ ማይክሮፎን አስቀርጸውልሃል። አንተ ስትዘፍን የጎረቤት ውሻ ያላዝን እንደነበር አልነገርኳቸውም። ከዘፋኞችህ ዋነኛውም ለመታሰቢያህ የእናቴን ድምፅ ልቅረጽ ብሎ ጎረቤላ ድረስ ወርዶ ነበር። ምሳ አብልታ፣ መርቃ፣ ባዶ እጁን መለሰችው።

ሙት ዓመትህ ላይ ድግሱ አልቆ ሰው ሲበተን እናቴ ተነሳችና “ነይ ወደሱ ውሰጂኝ” አለችኝ። ስልኬን ቤት እንድተወው አዘዘችኝ፤ ተውኩት። መቃብርህ ዘንድ ከነፋሱ በቀር ማንም አልነበረም። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ስምህን ጠራች። መጀመሪያ ሰደበችህ፤ እንዲያ ያለ ስድብ ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥላ አለቀሰችልህ። ከዚያ ሁለት ስንኝ አወረደችልህ። ያደረግከውም፣ የነበርከውም፣ እኔ ላንተ ያለኝም ፍቅርና ቂም ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበሩ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ወንዴ፣ ዕድሜህን ሙሉ ከጻፍከው ሁሉ ያ ይበልጣል። ለወንድሜ ካወረደችውም ይበልጣል። ብትሰማው ኖሮ እንዴት ከመቀመጫህ ብድግ እንደምትል፣ “ድገሚው፣ እባክሽ ድገሚው” እያልክ ቀሚሴን እንደምትይዝ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልጽፍልህ ነበር። እስክሪብቶዬ እዚህ ሲደርስ ቆመ።

አልጽፍልህም። ያንተ ነው፣ ላንተ ተብሏል፣ ግን አታገኘውም። በዚህ ምድር የምናውቀው እሷና እኔ ነን፤ እሷ አርጅታለች። ስለዚህ የምገባልህ ቃል ይኸው ነው፤ እስክሞት ድረስ በየቀኑ ለራሴ እለዋለሁ፣ አንዲት ፊደል አልጥልበትም፣ ለማንም አልነግርም። ላንተም ቢሆን።

ሚስትህ