ስለ ግራ እጄ ያልነገርኩህ

ይድረስ ለባለቤቴ ለኑሪ፤

አሰላሙ አለይኩም ኑርዬ። ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ያላንተ አንድ አረፋ አልፎ ሁለተኛው እየመጣ ነው። አምና ዒዳዬን፣ ባል የሞተባት ሴት እቤት የምትቆይበትን ጊዜ፣ አልጨረስኩም ነበርና እንኳን ገበያ ጎረቤትም አልወጣሁም። ዘንድሮ ግን ልጆቹ ከአዲስ አበባ ሲገቡ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝባቸው ብዬ ከአሁኑ ጉድ ጉድ እያልኩ ነው።

ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሳቅ፣ ግዴለም። ዱዓውን በየሶላቴ አደርግልሃለሁ፤ ይሄ ግን የኔና ያንተ ጉዳይ ነው። መቃብርህ ጋ ቆሜ እንዳልነግርህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማውራት አልችልበትም፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይሰማኛል። ስለዚህ ከልጃችን ከሰሚራ ባዶ ደብተር ለምኜ ተቀመጥኩ። ማታ ትምህርት ግቢ ብለህ የላክኸኝ አንተ ነህና ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

እቤት ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ሰው የምትጠግንበት አግዳሚ ወንበር አሁንም በረንዳው ላይ ነው። የባጃጅ ልጆች ሰፈራችንን ዛሬም ወጌሻው ቤት ነው የሚሉት። ወጌሻው ቤት ወራጅ አለ ሲሉ በሰማሁ ቁጥር አንተ የምትወርድ ይመስለኛል። የተሰበረ ሰውም መምጣቱን አልተወም። ባለፈው ሳምንት አንድ ገበሬ ከመስቃን ገጠር በልጁ ተደግፎ፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ መጣ። ሞቷል ስለው የራሱን እግር ረስቶ ላንተ አለቀሰ፣ ምስኪን። አባብዬ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ ባጃጅ ጠርቼ ወደ ሆስፒታል ላክሁት።

አንተም በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንደዚያው ነበርክ። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ እጅህን አታሳርፍበትም፤ የተጠራጠርከውንም መጀመሪያ ራጅ ተነሥተህ አምጣ ትለው ነበር። ራጁን መስኮቱ ላይ ዘርግተህ ስታየው አሁንም ትዝ ትለኛለህ። አንድ ቀን ገልብጠህ መያዝህን ብነግርህ፣ አጥንት በላይም ሆነ በታች ያው አጥንት ነው ብለህ ድርቅ አልክብኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እጄ ተሰብሮ ነበር ኑርዬ። ያችው ድሮ አንተ ያሰርካት ግራ እጄ። አትደንግጥ፣ ድኛለሁ።

ዝናብ መጣ ብዬ ልብስ ከገመድ ላወርድ ስሮጥ ቧንቧው አጠገብ ያለው ጭቃ አንሸራተተኝና በእጄ ተደግፌ ወደቅሁ። ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አንተ ሰው ስትጠግን እጅና እግር ስይዝልህ የኖርኩ ሴት፣ ስብራት መሆኑን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሆስፒታሉ በባጃጅ ቅርብ ነው። ሰውን ሁሉ ሂዱ የምል እኔ ግን አልሄድኩም። የወጌሻው ሚስት ሐኪም ቤት ሄደች እንዳልባል ይሆን? እሱም አለበት። እውነቱን ብነግርህ ግን ያችን እጅ ካንተ በቀር ማንም እንዲነካብኝ አልፈለግሁም።

ሳጥንህን ከፈትኩ። የሰነጠቅሃቸው ቀርከሃዎች፣ ያለሰለስከው ቃጫ፣ እንደጠቀለልከው ተቀምጧል። ካንተ በኋላ ማንም አልነካውም። ቅቤ ቀባሁ፣ ቀርከሃውን ዙሪያውን ደረደርኩ፣ በአንድ እጄና በጥርሴ አሰርኩት። እንዳይላላ ብዬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ለሰሚራም ስትደውል አልነገርኳትም።

በማግስቱ ቀትር ለዙህር ሶላት ዉዱእ ሳደርግ ውሃው ይቀዝቅዝ ይሙቅ ጣቶቼ አልለዩትም። ጥፍሮቼን አየሁ። ጠቁረዋል። የስንቱን የታሰረ ልጅ እናት ጥፍሩን እያየሽ እያልኩ የሸኘሁ ሴት የራሴን ሳላይ አድሬ ዋልኩ! ጠማማ እጅ ሥራ ይሠራል፣ የጠቆረ እጅ ግን ይቆረጣል ትል አልነበረም? ላሰርከው ሰው ሁሉ ትላት ነበር። ቢላ አነሣሁ። ያን ቃጫ መቁረጥ እንዴት እንደከበደኝ አላህ ያውቃል፤ ከእጅህ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ግን አንተ ብትኖር ሳታመነታ ትቆርጠው ነበር። ቆረጥኩትና እየጮህኩ ባጃጅ ጠራሁ።

ሆስፒታል እጄን ከፍ አድርገው ደሙ ሲመለስ እያዩ አሳደሩኝ። ሰሚራ ከወልቂጤ ትምህርት ቤቷን አስፈቅዳ ማምሻውን ደረሰች። ጠዋት አንዲት ልጅ እግር ሐኪም መጣች። በትሕትና ቆጣች፤ ጥቂት ሰዓት ቢቆዩ ኖሮ ጣቶችዎን እናጣቸው ነበር እናቴ አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማኋት፤ ምን አባቴ እላለሁ?

ከዚያ ራጁን መብራቱ ላይ ሰካችውና አዲሱን ስብራት በእስክሪብቶ አሳየችን። ከሱ ዝቅ ብላ አሮጌውን አገኘች። ይሄን ማን ነው የጠገነው አለች። ሰሚራ ፈጠን ብላ፣ አባቴ ነው፣ የመጀመሪያ ሥራው ስለነበር ተጣሞበት ነው አለች። ልጆቻችን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቁት። ሐኪሟ ቀረብ ብላ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ከፎቶ ብቻ እርግጠኛ መሆን ባይቻልም ገጥሞ መጠገን ከጀመረ በኋላ የተንሸራተተ ይመስላል፤ ሳይጠና ማሰሪያውን ፈትተውት ነበር እንዴ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ፊቴ እሳት ሆነ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ምስጢሬን አንዲት ፍሬ ልጅ ከፎቶ ላይ አነበበችብኝ!

ፈትቼው ነበር ኑርዬ።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከገበያ ስንመለስ ከጋሪ የወደቅሁ ጊዜ ነው። አባትህ ገጠር ለልቅሶ ሄደው ቤት ያለኸው አንተ ብቻ ነበርክ፣ ጺምህ እንኳ በቅጡ ያላቀመቀመ። አባቴ እየፈራ እጄን ሰጠህ። ዓይንህን ጨፍነህ በጣትህ አጥንቴን ስትፈልግ እኔ ሕመሙን ትቼ ሽፋሽፍትህን አይ ነበር። በአምስተኛው ቀን መጥተህ አየኸኝ፣ በአሥረኛውም እመጣለሁ አልክ። ከዚያ አባትህ መመለሳቸውንና ከእንግዲህ የሚመጡት እሳቸው መሆናቸውን ሰማሁ። የልጅ ነገር፣ ማሰሪያው ቢላላ ያሰረው ይጠራል ብዬ አሰብኩ። ጓሮ ገብቼ እንሰቱ ሥር ተቀመጥኩና ቋጠሮህን በጥርሴ ፈታሁት።

አንተም ተጠራህ። አባትህ፣ ማሰር ሳትማር ማን ሰው ንካ አለህ ብለው በሰው ፊት አዋረዱህ። አንገትህን ደፋህ። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ፣ አፌ ግን አልተከፈተም። አጥንቴም ተጣሞ ጠና። ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ስትልክ አባቴ፣ ያጣመማትን ራሱ ይውሰዳት ብሎ ሽማግሌዎቹን አሳቃቸው። ከዚያ ወዲያማ እንዴት ብዬ ልናገር? መጀመሪያ ፈራሁ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ነገሩ ቆየ።

በዚያ ውርደት የተነሣ አንተ ያሰርከውን ሰው በማግስቱ ሳታይ የማታድር ጥንቁቅ ሰው ሆንክ። ይህን ለኔ ማምለጫ አላደርገውም። ምግብ ሲቀርብ ማስታጠቢያውን በግራ እጄ ይዤ ውሃ ሳፈስልህ፣ አንጓዬን ታይና ቶሎ ታቀረቅራለህ። በየቀኑ! ዛሬም አፈረ እል ነበር። ጓደኛህ ልብስ ሰፊው ወልዴ ደግሞ አይምርህም። በመጣ ቁጥር፣ እስቲ ራህመት፣ ይቺን እጅሽን ማን እንዲህ አደረጋት ይለኛል። አንተ ታቀረቅራለህ። እኔ ቡና እቀዳለታለሁ።

ጄሶ ታስሮልኝ ቤት ስንገባ ለሰሚራ ሁሉንም ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድላት፣ አባዬ ይህን ሳያውቅ ሞተ ማለት ነው አለችኝ። ጓሮ ወጥታ ለሰባራ ብለህ የተከልከውን አስታራ እንሰት ነቀለች፣ ሥሩን፣ አሚቾውን፣ ቀቅላ በወተት አበላችኝ። ለስንት ሰው ስትሰጥ የኖርከው ለኔ ደረሰኝ። ለዘሩ የሚሆነውንም መልሳ ቀብራለች፣ አታስብ።

ወልዴ ልጠይቅሽ ብሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። ቢያንስ ስምህ ይጥራ ብዬ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ነገርኩት፤ ኑሪ አላጣመመም፣ እኔ ነኝ የፈታሁት፣ ለሰፈሩ ሁሉ ንገር አልኩት። ወልዴ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ከአንገቱ በማይጠፋው የልብስ መለኪያ ሜትር ጫፍ ዓይኑን ጠራረገ።

አንተ ታውቅ ነበር አለኝ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። የኔ ቋጠሮ አይላላም፣ ቃጫው ላይ ጥርስ አርፎበታል ብለህ ያኔውኑ ነግረኸዋል። አባቷ ቢሰማ ይገርፋታል፣ ስሟም ይነሣል ብለህ ለማንም እንዳይናገር በእምነቱ አስምለኸዋል። ያ ሁሉ ተረብ እኔን ለማናዘዝ ነበር፣ አንተም እያወቅህ። ማታ ማታ ወደ ቤቱ ስትሸኘው፣ ተዋት፣ አንድ ቀን ራሷ ትነግረኛለች ትለው ነበር አለኝ።

አንተ ሰው! እንዴት አስቻለህ? ስታቀረቅር ሳቅህን እየደበቅህ ነበር ማለት ነው? ተናደድኩ፣ ሳቅኩ፣ ወልዴን ከነብርቱካኑ ላባርረው ምንም አልቀረኝም። ሲሄድ ግን ያ የመጨረሻው ሰሞን ትዝ አለኝ። ተኝተህ ግራ እጄን ይዘህ አንጓዬን በአውራ ጣትህ እየዳበስክ ቁልቁል ሳይሆን ዓይን ዓይኔን አየኸኝ። እኔ ደግሞ ውሃ ላምጣልህ ወይ አልኩህ። እየጠበቅህ ኖሯል። እንዳልገባኝ ሳስበው እስካሁን ያቃጥለኛል።

ጄሶው ተፈትቷል። ጣቶቼ ሁሉም ይታዘዙኛል። አዲሱ ስብራት ካንተው ቦታ ከፍ ብሎ ነው፤ ያንተው እንደ ጠመመ፣ ንቅንቅ ሳይል ይዟል። ሐኪሟም አይታ መስክራለች። ለአረፋ ልጆቹ ሲሰበሰቡ ማስታጠቢያውን በዚሁ እጄ ይዤ አስታጥባቸዋለሁ። ዓይናቸው አንጓዬ ላይ ሲያርፍ አባታችሁ እንዳላጣመመው፣ አውቆም እንደተሸከመልኝ ነግሬያቸው ነው ሥጋው የሚቀርበው። ለልጅ ልጆቹም እንደዚሁ። ይቺ እጅ ውሃ እስከያዘች ድረስ አንተ በዚህ ቤት አትረሳም።

አንተ ሳትሰማ የቀረኸውን ግን ላንተው ልበልህ። ቋጠሮህ አልላላም ነበር ኑርዬ። እንድትመጣልኝ ብዬ በጥርሴ ፈታሁት። ይኸው፣ ራሴ ነገርኩህ።

ራህመትህ