ሁለት ጊዜ የሚታጠብ ሳህን

እኔ ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ፣ ዛሬ ቅዳሜ ሰኔ አሥር ቀን፣ በቤቴ ማእድ ቤት ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል ብሎኛል፤ አእምሮዬንና ምላሴን ግን ደህና ናቸው ብሎ ለቋቸዋል። ጸሐፊው ጎረቤቴ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ነውና የሚባለውን ሁሉ ሳይቀንስ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ።

አንደኛ፤ ቤቱ የሚስቴ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሁለተኛ፤ የስፌት መኪናዬን ለወንድ ልጄ አውርሻለሁ። ይህ ልጅ አካባቢ እንዳይበከል ብሎ አምስት ባዶ ጠርሙስ በመኪናው ጭኖ፣ ከተማውን አቋርጦ ወደ ጠርሙስ መሰብሰቢያው ይወስዳል። «የቤንዚኑን ጭስስ ማን ይሰብስበው?» ስለው ይስቃል። የስፌት መኪናው በእግር የሚሠራ ስለሆነ፣ እግር እንዳለው ያስታውሰው።

ሦስተኛ፤ ቁም ሳጥን ሙሉ የጨርቅ ቦርሳ አለ። ሴት ልጄ ፌስታል ጠልታ አንድ ትገዛለች፤ እቤት ረስታው ትወጣና ሌላ ትገዛለች። ጥጥ እስኪበቅል፣ እስኪሸመን ስንት ውሃ ይፈጃል! አንዱን እስኪያልቅ ካልያዙት ትርፉ ምንድን ነው? ሁሉንም እዚህ ለምስክርነት ለተቀመጠችው ለሰፈራችን ባለሱቅ ሰጥቻለሁ፤ ረስቶ ለመጣ ደንበኛ ታውስ።

አራተኛ፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን በተመለከተ። ልጄ ከአፏ ቆጥባ የገዛችልን «በእጅ ከማጠብ ይልቅ ውሃ ይቆጥባል» ብላ ነው፤ እውነቷን ነው። ሚስቴ ግን የቆሸሸ ሳህን ማሽን ውስጥ መክተት ነውር መሰላት። ስለዚህ መጀመሪያ በእጇ ታጥባለች፣ እኔ እወለውላለሁ፤ ከዚያ ልጃችን እንዳትቀየም ንጹሑን ሳህን ደርድረን ማሽኑን እናስነሳለን። ሲወጣ ረጠብ ይላልና እንደገና እወለውላለሁ። የውሃው ሒሳብ አሻቀበ። ልጄም ቧንቧ ያፈስሳል ብላ ሠራተኛ ጠራች።

እዚህ ላይ ምስክር ሆኖ የተቀመጠው የቧንቧ ሠራተኛ ብድግ አለ።

«አባባ! ያን ሁሉ ወለል የቆፈርኩት ለዚህ ነው?»

«እጅህ ይባረክ፣ አሳምረህ ነው የቆፈርከው» አልኩት።

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። «እማዬ፣ ምናለ ብትነግሩኝ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ!» አለች እናቷ።

ጸሐፊው ይህም ይጻፍ ወይ ቢለኝ፣ ይጻፍ ብያለሁ። ማሽኑን ልጄ ወደ ቤቷ ትውሰድ፤ የቆሸሸ ዕቃ ሞልታ ታስነሳው፣ ያን ጊዜ ቃሉን ይጠብቃል።

አምስተኛውና ዋናው። ከተጋባን ጀምሮ ሚስቴ ታጥባለች፣ እኔ በግራዋ ቆሜ እወለውላለሁ። የልጆቻችንን ስም ያወጣነው እዚያ ሲንክ ዘንድ ነው። ተኳርፈን እንኳ ሳህኑ ከእጇ ወደ እጄ ያልፋል፤ ዕቃው ሳያልቅ ኩርፊያው ያልቃል። በጣም እወዳታለሁ፤ ይህንንም ጻፍ። ሞትን አልፈራም። የምፈራው ሳህን አጥባ ወደ ግራዋ ስትዘረጋ የሚቀበላት እጅ እንዳይጠፋ ነው። ስለዚህ ከሰርጌ ሸሚዝ የሰፋሁትን መወልወያ ጨርቅ ለሴት ልጄ አውርሻለሁ፤ እዳም አለበት፦ እየመጣሽ ከእናትሽ ጋር እራት ትበያለሽ፣ ከዚያም በግራዋ ትቆሚያለሽ።

«ውሃውስ አባዬ?» አለችኝ።

«የሁለት ሰው ሳህን ነው፤ ወሬው ሲረዝም ቧንቧውን ዝጉት።»

እኛም ምስክሮች፣ ጸሐፊው፣ ባለሱቋና የቧንቧ ሠራተኛው፣ ይህ ቃል ተነቦልን ሻይ ከጠጣን በኋላ ፈርመናል። ኩባያዎቹን እናትየው ሲያጥቡ ልጅቷ በግራቸው ቆማ ስትወለውል አይተናል። ኑዛዜ ሰጪውም ከወንበራቸው ሆነው «ከሥሩ አልደረቀም፣ ድገሚው!» ሲሉ በጆሯችን ስለሰማን፣ በሙሉ አእምሯቸው መሆናቸውን አረጋግጠናል።