ውጥረት ላይ ስላለው ብረት

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ላቀው፣ የቆዳ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
በፋብሪካው የግድግዳ ጋዜጣ በኩል
ንፋስ ስልክ፣ ኅዳር 1977 ዓ.ም.

ክቡር ጓድ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እርስዎ በመደቡኝ በለቡ ሜዳ መጋዘን፣ ከአሮጌ በርሜሎች ጋር ደህና ነኝ፤ በርሜሎቹም ሰላምታ ባይመልሱም ደህና ናቸው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ/ ባለፈው ሚያዝያ፣ የቆዳ ማንሻውን ከጣሪያው ያንጠለጠሉት ስምንት ብሎኖች ሸክሙ ወጥሯቸው፣ የጨው እንፋሎቱም እየበላቸው ውስጥ ውስጡን መሰንጠቅ ጀምረዋልና፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ዚንክ በለበሱ አዳዲስ ይተኩ፤ እንፋሎቱ ዚንኩን ይብላ እንጂ ብረቱን አይንካ ብዬ ጽፌልዎት ነበር። «ብረቱ ውጥረት ላይ ነው» ያልኩትን፣ ስለ ጦር መሣሪያ ነው ብለው በስብሰባ ስለተረጎሙልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሃያ ዓመት ብሎን ሳጠብቅ ይህን ያህል ፖለቲከኛ መሆኔን አላውቅም ነበር።

2ኛ/ ብረት ውጥረት የለበትም ብዬ ግለ ሂስ ካደረግሁ ወዲህ፣ በምሳ ሰዓት ከእኔ ጋር የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ማንሻው ሥር የሚሠራው ለሜሳ ብቻ፣ ሰው ምን ይለኛል ሳይል ምሳ ዕቃውን ይዞ እየመጣ አጠገቤ ቁጭ ይል ነበር። ወንድም አልነበረኝም፤ እሱ ሆነኝ።

3ኛ/ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ብሎኖቹን ቀይ ቀለም ስላስቀቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ስለተሸፈነ ዓይናችን አረፈ።

4ኛ/ ጥቅምት 14 ቀን ከስምንቱ ብሎኖች አንዱ ተበጥሶ፣ ማንሻው በአንድ ወገን ወርዶ ለሜሳን ገደለው። ምክንያቱ የሟቹ የጥንቃቄ ጉድለት ነው ተብሎ መመዝገቡን ሰማሁ። እኔንም በማግስቱ ወደዚህ ስላዛወሩኝ ቀብሩ ላይ አልቆምኩም፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ምሳዬን ስከፍት ዛሬም ለእሱ ቦታ እለቃለሁ።

«እናት ሀገር ወይም ሞት» ስንል ከርመን፣ ለለሜሳ ሁለተኛው ስለደረሰው፣ የመጀመሪያው ለእርስዎ ከረጅም ዕድሜ ጋር እንዲደርስዎት የምመኝ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

ገሠሠ አስረስ
የቀድሞ የጥገና ሠራተኛ፣ የአሁን የበርሜል ዘበኛ

ማስታወሻ፦ የቀሩት ሰባቱ ብሎኖች አሁንም እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ከብሎኖቹ ሥር በለሜሳ ቦታ የሚቆም ጥንቁቅ ሰው ይፈለጋል ስለተባለ፣ እዚህ ስብሰባ ጠርቼ እርስዎን ጠቁሜአለሁ። ብቻዬን ስለሆንኩ በሙሉ ድምፅ አልፈዋል።