ቧንቧ ሲያነሳ ስለታሰረው ረዳቴ

ለተከበሩ ኦቦ ሞቱማ፣
የሰፈራችን የንጹህ ውሃና የሽንት ቤት ፕሮጀክት አስተባባሪ፤
ቡራዩ

አካም ጂርቱ ጌታዬ? ጤናዎ፣ ልጆችዎ፣ ያቺ የፕሮጀክቱ ነጭ መኪናስ እንዴት ናት? እኛ በእርስዎ ድካም ከውሃ በቀር ምንም አልጎደለብንም።

እኔ ዮአብ ነኝ፣ የውሃ ቦቴ ሾፌር። ከሰንዳፋ እስከ ዓለም ገና እንደኔ ዓይነት ሾፌር የለም። ወደ ውሃ ቦኖዎ የሚያስገባውን ኩርባ በኋላ ማርሽ የምገባው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሞክሮ አጥር ይዞ ወጥቷል። ትምህርቴ ከአምስተኛ አላለፈም፤ ደብዳቤዬ ማህተም ስለሌለው ይቅርታ።

1ኛ. ቦኖውን ስላሠሩልን እናመሰግናለን። ሪባን የተቆረጠ ቀን ውሃው ዧ ሲል እርስዎ አጨበጨቡ፣ ፈረንጆቹ አጨበጨቡ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ያመጣሁት እኔ ነኛ! በዋዜማው የቦኖውን ታንከር በቦቴ ሞልቼልዎት የለ? እንግዶቹ ፎቶ ተነስተው ሄዱ፤ ውሃውም ተከትሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከቦኖው የወጣ ነገር ቢኖር ሸረሪት ነው።

2ኛ. ሽንት ቤቱም ያምራል፤ ሴራሚኩን በመስኮት አይተነዋል። ቁልፉ እርስዎ ኪስ ስለሆነ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው። የእኛ ሆድ ግን ጉብኝት አይጠብቅም፤ አልሠለጠነም፣ ይቅር ይበሉት። አሮጊቷ ጎረቤታችን አዴ ገለቴ በዚያ ጉልበታቸው ወንዝ ሲወርዱ የተቆለፈውን በር እያዩ ይመርቁዎታል። ምርቃቱን አልጽፈውም፤ ልጆች ያነቡታል።

3ኛ. አሁን ወደ ጉዳዬ። ከምንጩ ውሃ ያመጣል የተባለው ቧንቧ ሁለት ክረምት አስፋልት ዳር ተከምሮ ፍየል ሲወጣበት ኖረ። ሰሞኑን በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከተማው ሲናወጥ የሰፈሩ ልጆች አንከባለው መንገድ ዘጉበት። ቧንቧው ሥራ ያገኘው ያኔ ነው።

ያን ቀን እኔና ረዳቴ ቀጄላ ቦቴ ሞልተን እየመጣን ነበር። ለማን? ለእርስዎ! እንግዳ አለብኝ ብለው ጠርተውን። መንገዱ ተዘግቶ ስንቆም እርስዎ በስልክ ጮሁብኝ። ቀጄላ ሰማና፣ «አንተ ቁጭ በል፣ ቧንቧ ለማንሳት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም» ብሎኝ ወረደ። ልጆቹ ፖሊስ ሲያዩ ተበተኑ፤ ቧንቧው ግን መሮጥ አይችልም። ቀጄላም አንዱን አቅፎ ወደ ዳር ሲጎትት ተያዘ።

ጥፋቱ ምን ቢባል ጥሩ ነው? «የሕዝብ ውሃ አቋርጧል»! ያልመጣ ውሃ እንዴት ይቋረጣል ጌታዬ? እርስዎም «አላውቀውም» አሉ አሉ። ሚስቱ ጂቱ ያንን ሆድ ይዛ ጣቢያ ስንቅ ታመላልሳለች፤ ልትወልድ ደርሳለች። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ጣቢያ ሄደው «የጠራሁት እኔ ነኝ» ይበሉ። ንግግር ሲያደርጉ አይተናል፤ ይህች አትከብድዎትም።

የሪባን መቀስዎ አይደንዝ እያልኩ፣ ከነጥሜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ዮአብ
የቦኖዎ ብቸኛው ምንጭ

ሳልረሳው፦ በሁከቱ የቀረው ጉብኝት ለሐሙስ ስለተዛወረ ቦቴ አምጣ ብለውኛል። ቦቴው እንደሞላ ቆሟል። ግን ታንከሩ ላይ ወጥቶ ቱቦ የሚይዘው ቀጄላ ነው፤ እኔን ከፍታ ያዞረኛል። የሽንት ቤቱ ቁልፍ እርስዎ ኪስ፣ የቦቴው ቁልፍ እኔ ኪስ። ሌላ ሾፌር እንዳይፈልጉ ኩርባውን ያውቁታል። ሐሙስ ጠዋት ቀጄላ ከጎኔ ካልተቀመጠ፣ እንግዶችዎ የቦኖውን ቧንቧ ሲከፍቱ ሸረሪቷን ሰላም ይበሉልኝ።