ቤቲ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት

ሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ጠዋት

ጎሚስታ ቤቱን አርፍጄ ከፈትኩ። ያስረፈደኝ የእህቴን ልጅ ቤቲን መተንኮስ ነው። ዩኒፎርሟን ለብሳ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ፣ «ዶክተር፣ ቦርሳዎን ልያዝልዎት?» አልኳት። «ጋሼ፣ በናትህ ተወኝ!» ብላ ገፍታኝ አለፈች። ሌላ ጊዜ ትስቅ ነበር።

ማስታወሻዬ፣ ነገሩ ለእኔም ግራ ነው። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ግን ትምህርት ቤቷ ከጥቂት ልጆች ጋር መረጣትና ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአንደኛ ዓመት ሒሳብ ትማራለች። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን መጀመር! እኔ ያገኘሁትን መጽሐፍ ከመሃል ገልጬ በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይኼ ግን ለእኔም በዛ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5፣ አመሻሽ

ጉድ ፈላ። እህቴ አስቴር በሶ አስፈጭታ መጣች። ለቤቲ ስንቅ! ዩኒቨርሲቲ ማለት ለእሷ ምደባ ነው፤ ሩቅ አገር፣ ብርድ፣ የማይበላ ምግብ። ኧረ ጠዋት ሄዳ ለምሳ ትመለሳለች ብል ማን ሰምቶኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደግሞ ብርድ ልብስ ታቅፈው ገቡ። የት ደረሳት አሉ። ሳሪስ አቦን አለፍ ብሎ ነው፣ በታክሲ ይኬዳል አልኳቸው። «አይ አንተ! መቼ ነው ቁም ነገር የምታወራው?» ብለው ሳቁ። አንድ ቀን እውነት ብናገር እንደ ቀልድ ተቆጠረ። ቤቲን መርቀዋት ሄዱ። አቀርቅራ አሜን አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8፣ ከሰዓት

ከዩኒቨርሲቲው በር ጠብቄ አመጣኋት። የሒሳቡን ፈተና ወድቃለች። ሰፈራችን ቃሊቲ ከታክሲ ስንወርድ ዘረገፈችው። ሒሳቡ አልገባትም፤ ለማትሪክ የምታጠናበትን ጊዜም በልቶባታል። መተው ትፈልጋለች። መምህሩ አሁን ብትተወው ምንም እንደማይመዘገብባት፣ ኋላ ስትገባ እንደ አዲስ እንደምትጀምረው ነግሯታል።

ታዲያ ምን ቸገረሽ አልኩ።

«ሰፈሩ ተባረረች ይላላ፣ ጋሼ! እማዬስ?»

ሳልቀልድ ቦርሳዋን ተቀበልኳት።

እሑድ፣ ኅዳር 9፣ ረፋድ

ግራ ገባኝ። በርቺ ልበላት? ተዪው ልበላት? በርቺ ብላት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ጎሚስታ ቤት ለሚመጣው ሾፌር ሁሉ በእሷ ጉራ ስለምነዛ? አላውቅም። የማውቀው ቁርስ ላይ ያየሁትን ነው። የፊዚክስ መጽሐፏ ላይ ተደፍታ፣ ዳቦዋን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል።

ቀሰቀስኳትና ቁርጡን ጠየቅኳት። ትተወዋለች። ቆርጣለች፤ የቸገራት መናገሩ ነው።

በቃ። አስቴር ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔ እነግራታለሁ። ልጅቷን ማንም አላባረራትም፣ ራሷ ናት የተወችው፣ እኔም ደግፌአታለሁ። ቁጣ ካለ እኔ ላይ ይውረድ። ቤቲም አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ተስማምተናል።

አስቴር መጣች። ነጠላዋን ገና ሳታወርድ ፊቴን አየችና፣ «ምነው ተኮሳተርክ? አመመህ እንዴ?» አለች። አላመመኝም። ቁጭ በይ እያልኳት ነው፤ ማስታወሻዬ፣ የቀረውን ኋላ።