አየሩን በመሰላል ስላጸዱልን

ለተከበሩ የከተማችን የትራንስፖርትና የንጹሕ አየር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የሳንባዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የምንኖረው፣ ከሳል በቀር፣ ደኅና ነን።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በናፍጣ አውቶቡስ ሆድ ሥር ተኝቼ ስጠግን የኖርኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ መካኒክ ነኝ። የከተማችንን ጭስ ከማንም በላይ እቀርበዋለሁ፤ እንዲያውም ከፊሉ የእጄ ሥራ ነው። ስለዚህ ስድስት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች መጡ በተባለ ጊዜ፣ ሪባን ሊቆርጡ ከመጡት እንግዶች ቀድሜ ተገኝቼ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። በዚያን ቀን መስኮታችንን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ አውቶቡሶቹ ያለ ጭስ ሲያልፉ አይታ በደስታ አለቀሰች። አሁን ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አውቶቡሶቹ መጡ፣ ቻርጀሮቹም መጡ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ግን አልመጣም። ገመድ የሚቀብረው ክፍል መጀመሪያ ጉድጓዱ ይቆፈርልኝ ይላል፤ ጉድጓድ የሚቆፍረው ክፍል መጀመሪያ ገመዱ ይፈተሽ ይላል፤ ገመዱ ደግሞ ጥቅልሉ ሳይፈታ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ የጥበቃዎቹ ምሳ ጠረጴዛ ሆኗል። የምረቃው ቀን ግን ቁርጥ ነበርና ጽሕፈት ቤትዎ በተለመደው ብልሃቱ፣ ትንሽ ቤት የሚያክል የናፍጣ ጄኔሬተር አስመጥቶ ከመስኮታችን ስድስት እርምጃ ላይ ተከለልን። ለጊዜው ነው ተባልን፤ ጊዜው አምስት ወር ሞላው። አውቶቡሶቹ እርስዎ በሚያልፉባቸው ጎዳናዎች ሳያጨሱ ይውላሉ፣ የእነሱን ድርሻ ጄኔሬተሩ እኛ ቤት ገብቶ ያጨስላቸዋል። በከተማው ሁሉ ተበትኖ የነበረውን ጭስ ሰብስበው ለአንድ ሰፈር በመስጠትዎ ከልብ እናመሰግናለን፤ ይህን ያህል ክብር የጠበቅን አልነበርንም።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አንሥታ ጓዳ አስገብታለች። ለጎረቤታችን ልጅ የሰፋችው ነጭ የሙሽራ ቀሚስ አንድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተሰቅሎ ግራጫ ሆነ። ሙሽራዋ ጨዋ ልጅ ናትና ስታየው እኛን ሳይሆን ራሷን ጠረጠረች፤ ያዘዝኩት ነጭ አልነበረም እንዴ ብላ እናቷን ጠየቀች። መስኮቱን ብንዘጋውም ጭሱ እንግዳ አይደለም፣ መግቢያውን ያውቃል። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚባለውን እኛ በየቀኑ በተግባር እናየዋለን። ባለፈው ወር ባለቤቴን ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፤ ያን ቀን ፈራሁ፣ ቀልድም አልመጣልኝም። ሐኪሙ ወይ ጭሱን ወይ ቤቱን ለውጡ አለን። ቤቱ ከወላጆቿ ያገኘችው ነው፤ ጭሱ የእርስዎ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ ጄኔሬተሩ ድምፅ ነበር። ባለቤቴ ረቂቁን አንብባ ስድብ አለበት ብላ ስለሰረዘችው ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

አራተኛ፤ የጄኔሬተሩን ሕመም በጆሮዬ አውቄዋለሁ፤ የአየር ማጣሪያው ታፍኗል፣ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎቹም ይንጠባጠባሉ። አንድ ማለዳ የድሮ ቱታዬን ለብሼ፣ መፍቻዬን ይዤ ሄድኩና በነጻ ልሥራው አልኩ። የመናኸሪያው ኃላፊ መልካም ሰው ነው፤ ወንበር ሰጥቶ በትዕግሥት አስረዳኝ። ጄኔሬተሩ ጊዜያዊ ስለሆነ በንብረት መዝገብ አልገባም፣ በመዝገብ የሌለ ንብረት ደግሞ ሊጠገን አይችልም አለኝ። በሕይወቴ ብዙ ሞተር ጠግኛለሁ፤ የሌለ ሞተር ሲያጨስ ሳይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አምስተኛ፤ በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ፣ አየሩ ደኅና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲበላሽ ቀይ የሚያበራ መለኪያ ነበረ። ጄኔሬተሩ ከመጣ ወዲህ ቀይ እንዳበራ ቀረ። እኛም ተጽናናን፤ ቢያንስ አንድ የጽሕፈት ቤትዎ ዕቃ ከእኛ ጋር ተስማምቶ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡ። ባለቤቴ ጄኔሬተሩን ሊያነሡልን ነው ብላ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ወጣች። እነሱ ግን መለኪያውን ፈትተው አወረዱት። ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ብጠይቅ አንደኛው፣ «አባባ፣ ቀይ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ተበላሽቷል ተብለን ነው» አለኝ። ለውሃውም አመስግነው ሄዱ። ትናንት ለዚህ ደብዳቤ አድራሻ ልጠይቅ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ፣ ያው መለኪያ በግቢው አትክልት ቦታ፣ ከጽጌረዳው መካከል ቆሞ አረንጓዴ ያበራል። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም የከተማው አየር በአንድ ሳምንት እጅግ መሻሻሉ ተለጥፏል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ መሰላል ስላልነበራቸው ይሆናል።

ክቡር ሆይ፤ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ጠላት አይደለሁም። ባለቤቴ እንደ ሰው እንድትተነፍስ ከማንም በላይ የምመኘው እኔ ነኝ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ገመዱ ይቀበር። ጉድጓዱ ከአርባ እርምጃ አይበልጥም፣ ለክቼዋለሁ። ቆፋሪ ከጠፋም የሰፈራችን ሰው አካፋ አያጣም።

ለእርስዎ ረጅም፣ ለጄኔሬተርዎ አጭር ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ሳል ባቋረጠኝ ቁጥር እርስዎን እያሰብኩ፣ ትንፋሼ እስከፈቀደልኝ ድረስ አክባሪዎ ሆኜ እቆያለሁ።

ጡረተኛው መካኒክ፣ የልብስ ሰፊዋ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ ንጹሕ አየር ባለበት እንድትውል ሐኪሙ አዝዟታል። እርስዎም ንጹሕ አየር የት እንደሚገኝ በመለኪያ ስላረጋገጡልን፣ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ የስፌት መኪናዋን ይዛ እርስዎ ግቢ፣ ጽጌረዳው አጠገብ ትውላለች። በሰፈራችን እንደ እሷ ደረታቸውን የሚያፍናቸው አሥራ አንድ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ማክሰኞ ይደርሳሉ። ወንበር በማዘጋጀት አይድከሙ፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይመጣል።